ጥርሳችሁን ስታነጡ ኢናሜሉ እንዳይጎዳ፦ ከሎሚና ከከሰል በፊት ይሄን አንብቡ

ባህር ዳር ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው ምሰራው። ጥቅምት ገብቶ የጥር ሰርግ መታሰብ ከጀመረ ጀምሮ በቀን ሁለት ሶስቴ ምጠየቀው ጥያቄ አንድ አይነት ነው፣ «ጥርሴን ማስነጣት ፈልጌ ነበር፣ ግን ኢናሜሉን ይበላዋል ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ» ይሉኛል። እስካሁን ታዲያ ምን ስታደርጉ ነበር ስላቸው ግማሹ ሎሚ በቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሹ የከሰል ዱቄት። መፍራት የነበረባቸው ግን እሱን ነበር። በትክክል የተሰራ የማንጫ ጄል ኢናሜልን አይበላም፣ ሎሚ ግን ይበላል፣ ከሰል ደግሞ ይፍቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከማስረዳ ሙሉውን አሰራር እዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ይሄን ያዙ

ኢናሜል ማለት የጥርስ የላይኛው ሽፋን ነው። ከሰውነታችን ውስጥ እንደሱ ጠንካራ የለም፣ 96% አካባቢው ማዕድን ነው። ግን አጥንት ቢሰበር ይገጥማል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፣ ኢናሜል ግን አንዴ ከሄደ አይበቅልም፣ ምክንያቱም እሱን የሚሰሩት ሴሎች ጥርሱ ድድን ቀዶ ሲወጣ አብረው ያልቃሉ።

ከኢናሜሉ ስር ያለው ዴንቲን ይባላል፣ ተፈጥሮው ቢጫ ነው። ኢናሜል ደግሞ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል፣ ስለዚህ የጥርሳችሁ ቀለም ከስር ያለው ቢጫ በላዩ ሽፋን ውስጥ አልፎ ሲታይ ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ ቢጫው ይጎላል። በሎሚና በከሰል ያነጣ ሰው መጀመሪያ ሳምንት ደስ ብሎት ከወራት በኋላ «ጭራሽ ቢጫ ሆነብኝ» ብሎ ሚመጣው ለዚህ ነው።

ጄሉ የሚሰራው በሌላ መንገድ ነው። ውስጡ ያለው ፐርኦክሳይድ በኢናሜሉ ውስጥ ሰርጎ ይገባና ቀለም ያላቸውን ነገሮች ይሰባብራቸዋል፣ ማዕድኑን አያሟሟም። ለጊዜው ኢናሜሉን ትንሽ ሊያለሰልሰው ይችላል፣ እሱን ምራቅና ፍሎራይድ ይመልሱታል። ችግር ሚመጣው መጠኑ ሲበዛ፣ ጄሉ ራሱ አሲዳማ ሲሆን ወይም ሰውየው ማቆም ሲያቅተው ነው፣ ያኔ ኢናሜሉ ይሻክራል፣ የሻከረ ጥርስ ደግሞ የቡና ቀለም ቶሎ ይይዛል።

ሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ (ማሸጊያው ላይ ሶፍት የሚል)
- ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል
- ፖታሲየም ናይትሬት ያለው ለሚጠርስ ጥርስ የተሰራ ሳሙና፣ 5% የሆነው ጥሩ ነው
- 10% ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ጄል፣ ከጥርስ ክሊኒክ የተገኘ፣ የማብቂያ ቀኑ ያላለፈ
- በራሳችሁ ጥርስ ልክ የተሰራ ትሬይ፣ ማለትም ጄሉ ተደርጎበት ጥርስ ላይ የሚገጠም ሽፋን (ክሊኒክ ውስጥ የጥርሳችሁ ልክ ተወስዶ ነው ሚሰራው)
- ጎዝ ወይም ንጹህ ጥጥ፣ መስታወት
- ስልካችሁ፣ ለፎቶ
- ሰዓት። በግምት አይሰራም

ሎሚ፣ ከሰል፣ አመድ፣ ጨው፣ በረኪና ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

1. ቀለሙ ከየት እንደመጣ እወቁ

ሰው ሁሉ ይቺን ደረጃ ይዘላታል፣ ለኔ ግን ዋናዋ እሷ ናት፣ ምክንያቱም ከሚመጡልኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው እጥበት (ክሊኒክ ውስጥ የተጋገረውን ማስነሳት) እንጂ ማንጣት አይደለም።

ጠዋት መስኮት አጠገብ ወይ በረንዳ ላይ ቁሙ፣ የአምፖል ብርሃን ያታልላል። ጥርሳችሁን በጎዝ ጥረጉና አድርቁት፣ እርጥብ ጥርስ ላይ ብዙ ነገር ይደበቃል። ከዛ እዩ።

ቡናማ ወይም ጥቁር ነገር ድዱ ጥግ ላይና በጥርሶቹ መሀል፣ በተለይ ከታች የፊት ጥርሶች ከጀርባ በኩል ተጋግሮ ከሆነ ያ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነው። የዘጌን ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው፣ ሻይ የሚያበዛ፣ ጫት የሚቅም፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሁሉ ይኖረዋል። ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን የአፍ መጉመጥመጫ ከታዘዘላቸው ጊዜ በላይ የሚጠቀሙ ሰዎችና የአይረን ሽሮፕ የሚወስዱም እንደዚሁ። ይሄ በእጥበት ይለቃል፣ ጄል ምንም አያስፈልገውም።

ጥርሱ ንጹህ ሆኖ ሁሉም እኩል ቢጫ ከሆነ፣ በዕድሜ ወይም በተፈጥሮ የመጣ ነው፣ ጄል በደንብ የሚሰራው ለዚህኛው ነው።

ከልጅነታችሁ ጀምሮ ነጭ ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ሆኖ ካለ ፍሎሮሲስ ሊሆን ይችላል። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ወንጂ፣ መተሃራ፣ ዝዋይ አድጋችሁ ባህር ዳር ለስራ ወይ ለትምህርት የመጣችሁ ልጆች ይሄ የእናንተ ነው፣ ጥርሳችሁ ሲሰራ የጠጣችሁት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በዝቶ ነበር ማለት ነው (የአለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው)። ቆሻሻ አይደለም፣ አለመቦረሻችሁም አይደለም፣ ማንም እንዲያሳፍራችሁ አትፍቀዱ። ጄል ብቻውን ነጩን ነጠብጣብ አያጠፋውም፣ መጀመሪያ ላይ እንደውም ያጎላዋል፣ ሀኪም ነው ከሌላ ህክምና ጋር አቀናጅቶ መስራት ያለበት።

ግራጫ ወይም ቡናማ ዝርግ መስመር አግድም ካለ፣ እናታችሁ እርጉዝ ሆና ወይም እናንተ ከ8 አመት በታች ሆናችሁ ቴትራሳይክሊን የሚባል መድሀኒት ተወስዶ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሳምንት አይለቅም፣ ወራት ይፈጃል፣ ያውም በሀኪም ክትትል።

አንድ ጥርስ ብቻ ከጠቆረ ደግሞ ተመቶ ወይም ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ኳስ ሲጫወት ወይ ከብስክሌት ሲወድቅ የተመታ ልጅ ላይ ከአመታት በኋላ ይታያል። ይሄን ቤት ውስጥ ምንም አታድርጉት፣ ራጅ ያስፈልገዋል።

2. ታዩ፣ ታጠቡ

ፈለገ ህይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የግል ክሊኒክም፣ የትም ይሁን፣ ጄል ከመንካታችሁ በፊት አንዴ ጥርሳችሁ መታየት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ፐርኦክሳይዱ በቀዳዳው በኩል ቀጥታ ወደ ነርቩ ይገባል፣ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ የሚያስቧጥጥ ህመም ነው። የተሰነጠቀ ጥርስ፣ የሸሸ ድድ፣ የሚደማ ድድም እንደዚሁ።

እጥበቱ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ የተጋገረው ነገር እያለ ጄል ብትቀቡ ቆሻሻውን ነው ምትቀቡት፣ ጥርሱ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛ ከታጠባችሁ በኋላ መስታወት አይታችሁ «ይሄ እኮ በቂ ነው» ልትሉ ትችላላችሁ፣ ያኔ ገንዘባችሁም ጥርሳችሁም ተረፈ።

«እጥበት ጥርስ ያሳሳል፣ ያነቃንቃል» የሚባለውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ሲታጠብ የሚነሳው ተጋግሮ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ቆሻሻ ነው እንጂ ኢናሜሉ አይደለም፣ ከእጥበት በኋላ ክፍት ክፍት የሚመስላችሁም ድንጋዩ ይዞት የነበረው ቦታ ነው።

ከእጥበቱ በኋላ ድዳችሁ እስኪረጋጋ አንድ ሳምንት ጠብቁ።

3. ማን መተው እንዳለበት

ከ18 አመት በታች የሆነ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ለፐርኦክሳይድ አለርጂ ያለበት፣ ቀዝቃዛ ነገር ገና አሁኑኑ ሽምቅቅ የሚያደርገው ሰው። የልጆች ጥርስ ውስጥ ያለው የነርቭ ክፍል ሰፊ ስለሆነ ህመሙ ይበረታል። የአውሮፓ ህብረት ከ0.1% በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን ማንጫ ከ18 አመት በታች ላለ ሰው አይፈቅድም፣ ከ6% በላይ የሆነውን ደግሞ ጭራሽ እንዳይሸጥ ከልክሏል። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፣ ዕቃ ስትገዙ መለኪያ ይሆኗችኋል።

ፊት ጥርሳችሁ ላይ ሙሌት ወይም ክራውን (ጥርስ ላይ የሚደፋ ሰው ሰራሽ ሽፋን) ካለ ደግሞ እሱ አይነጣም፣ የራሳችሁ ጥርስ ነጥቶ እሱ ባለበት ይቀራል። ልትቀይሩት ካላሰባችሁ አትጀምሩ።

4. ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጥርሱን አዘጋጁት

ጠዋትና ማታ ለሚጠርስ ጥርስ በተሰራው ሳሙና ቦርሹ። ፖታሲየም ናይትሬቱ ነርቩን ያረጋጋዋል፣ ግን ወዲያው አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው ሚሰራው፣ ለዛ ነው አስቀድሞ መጀመር የሚያስፈልገው። ፍሎራይዱ ኢናሜሉን ያጠነክራል። ከቦረሻችሁ በኋላ ትፉት፣ ግን በውሃ አትጉመጥመጡ፣ ፍሎራይዱን አጥባችሁ ታስወግዱታላችሁ።

መፋቂያ የምትጠቀሙም መፋቂያችሁን ማቆም የለባችሁም፣ ጫፉን በደንብ አኝካችሁ አለስልሱትና ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ ወደ ላይ ወደ ታች እንጂ እንደ መጋዝ ወደ ጎን አትፋቁ። ድድ አጠገብ ኢናሜሉ በጣም ስስ ነው፣ ወደ ጎን ሲፋቅ እዛ ጋር ቦይ ይሰራል። ፍሎራይዱን ግን ከሳሙናው ነው ምታገኙት፣ ስለዚህ ሁለቱን አጣምሩ።

5. ጄሉን ስትይዙ ቁጥሩን አንብቡ

እዚህ ጋር ሰው በጣም ይምታታል። ካርባማይድ ፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አንድ አይደሉም። 10% ካርባማይድ ሲፈርስ 3.5% ገደማ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው ሚሰጠው፣ በግምት ለሶስት አካፍሉት። ስለዚህ 35% ካርባማይድና 35% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሰማይና ምድር ናቸው፣ ሁለተኛው ክሊኒክ ውስጥ ድድ ተሸፍኖ በሀኪም እጅ ብቻ የሚቀባ ነው፣ ቤት ውስጥ ድድና ከንፈር ያቃጥላል።

ለቤት 10% ካርባማይድ በቂ ነው። ከፍ ያለው ቶሎ ያነጣል እንጂ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ቀለም ብዙም አይለይም፣ ህመሙ ግን ይለያል።

ማሸጊያው ላይ መጠኑ ያልተጻፈበት፣ ከምን እንደተሰራ የማይናገር፣ ወይም ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ያለበት ዕቃ አትግዙ፣ ክሎሪን ዳይኦክሳይዱ አሲዳማ ነው፣ ኢናሜሉን ያሻክረዋል። ከውጭ ዘመድ የላከላችሁ ስትሪፕም (ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ማንጫ) ቢሆን ቁጥሩን አንብቡ፣ የማብቂያ ቀኑን እዩ።

አቀማመጡ፦ ፐርኦክሳይድ በሙቀት ይፈርሳል። የባህር ዳርን መጋቢትና ሚያዝያ ታውቁታላችሁ፣ መስኮት ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ የዋለ ጄል ጉልበቱን ይጨርሳል። ፍሪጅ ካላችሁ ፍሪጅ (ፍሪዘር አይደለም)፣ ከሌላችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ህጻን የማይደርስበት።

6. አቀባቡ

ማታ ከእራት በኋላ፣ ቡና ሻይ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን። ቀን ምራቅ ይበዛል፣ ጄሉን ያጥበዋል፣ ወሬም አለ።

ሀ. ቀስ ብላችሁ ቦርሹ። አጥብቆ መቦረሽ ድድ ያቆስላል፣ ቁስል ላይ ጄል ሲነካ ያቃጥላል።

ለ. የፊት ጥርሶቻችሁን በጎዝ አድርቁ።

ሐ. ትሬዩ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ የፊት ገጽ በኩል፣ ግማሽ ምስር የምታክል ጄል አድርጉ። የምር ይቺው ትበቃለች። ሰው ብዙ ሲያደርግ ይበልጥ የሚነጣ ይመስለዋል፣ የተረፈው ግን ወደ ድድና ወደ ሆድ ነው ሚሄደው።

መ. ትሬዩን አስገቡ፣ ድዱ ላይ የወጣውን በጎዝ ጥረጉ። ትሬዩ በልካችሁ መሰራት ያለበት ለዚሁ ነው፣ በሙቅ ውሃ ለስልሶ በንክሻ የሚሰራው አይነት ጥግ ጥጉ ክፍት ስለሚሆን ጄሉ ያፈሳል።

ሠ. ሰዓት ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሶስት ቀናት አንድ ሰዓት ብቻ። ካልጠረሳችሁ ሁለት ሰዓት። ከጄሉ ጉልበት ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው ሚወጣው፣ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ትንሽ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚደረገው ሀኪማችሁ አይቶ ከፈቀደ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ለ10% ካርባማይድ የተነገረ ነው፣ የሌላ ዕቃ ሰዓት የተለየ ነው፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ።

ረ. አውጡ፣ በውሃ ተጉመጥመጡ፣ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ያለ ሳሙና ጠርጉት። ትሬዩን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ በፈላ ውሃ ካጠባችሁት ይጣመማል፣ ከዛ ልካችሁ መሆኑ ቀረ።

ሰ. ፍሎራይድ ሳሙና አተር የምታክል ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥርሱን ቀቡት፣ ትፉና ተኙ። ለስልሶ የነበረው ኢናሜል ማዕድኑን እንዲመልስ ፍሎራይዱ ይረዳዋል።

7. ከጄሉ በኋላ ያሉት ሰዓታት

ጥርስ ጄሉ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ውሃ አጥቷል፣ ስለዚህ ጠዋት ከምታዩት ትንሽ የበለጠ ነጭ ይመስላል፣ ቀን ላይ ትንሽ ይመለሳል። «ተመለሰብኝ» ብላችሁ ሌላ ዙር አትጨምሩ። ሶስተኛው አራተኛው ቀን ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ብታዩም አትደንግጡ፣ ጥርስ ሁሉም ቦታ እኩል አይነጣም፣ ሲያልቅ ይስተካከላል።

ቡና በጭራሽ አትጠጡ አልልም፣ በዚህ ሀገር ማን ይሰማኛል። ዙሩ እስኪያልቅ ግን ቀለም ያለውን ነገር ቀነስ አድርጉ፣ ቡና ከጠጣችሁ ወዲያው ውሃ ጎንጨት ብላችሁ ተጉመጥመጡ። ቀዩ ወጥ፣ ቀይ ስር፣ ጠላም እንደዛው። ሲጋራና ጫት ግን በነዚህ ሁለት ሳምንታት ካልቆሙ ባትጀምሩት ይሻላል፣ ሁለቱንም የሚችል ጄል የለም።

ሎሚ የተጨመቀበት የጣና አሳ፣ ኮካ፣ ብርቱካን ከበላችሁና ከጠጣችሁ በኋላ ወዲያው አትቦርሹ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቆዩ። አሲድ የነካው ኢናሜል ለስልሷል፣ ብሩሽ ሲያገኘው ይፋቃል፣ ምራቅ ግን ጊዜ ከሰጣችሁት ያስተካክለዋል።

8. ሲጠርስ ምን ላድርግ?

ሽምቅቅ ማድረግ የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፣ ካቆማችሁ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። አንድ ቀን ዝለሉ፣ ከዛ በሁለት ቀን አንዴ አድርጉት፣ ሰዓቱን ወደ ግማሽ አውርዱ። በዘለላችሁበት ቀን የፖታሲየም ናይትሬቱን ሳሙና ትሬዩ ውስጥ በስሱ ቀብታችሁ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ያዙት። መዘግየት ውጤቱን አያበላሸውም።

ድድ ነጭ ሆኖ ካቃጠላችሁ ጄል ነክቶታል ማለት ነው፣ በውሃ እጠቡትና ለጥቂት ቀን ተዉት፣ ይሽራል፣ ቀጥሎ ጄሉን ቀንሱ።

አንድ ጥርስ ብቻ ለይቶ የሚወጋ፣ የሚመታ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ህመም ከሆነ ግን ይሄ የተለመደው አይደለም። አቁሙ፣ ጠዋት ሂዱ።

9. አቁሙ

ለአብዛኛው ሰው ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። የመጀመሪያ ቀን ፎቶ አንሱ፣ እዛው ቦታ፣ በዛው ሰዓት፣ የመጨረሻ ቀን ሌላ አንሱ። መስታወት በየቀኑ ስለምታዩ ለውጡ አይታያችሁም፣ ሳይታያችሁ ሲቀር ትቀጥላላችሁ፣ ኢናሜል የሚጎዳበት መንገድ አንዱ ይሄ ነው። ልካችሁ የአይናችሁ ነጭ ነው፣ ጥርስ ከሱ በላይ ከነጣ እንደ ሰሃን ያስመስላል።

ከ6 ወር ወይም ከአመት በኋላ ከደበዘዘ ሁለት ሶስት ማታ ብቻ መድገም ነው፣ ሙሉ ዙር አይደለም።

ማስጠንቀቂያ

ሎሚ። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፣ ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው ከ5.5 በታች ነው። አሳ ላይ ጨምቆ መብላት ሌላ፣ ጥርስ ላይ አሽቶ ማቆየት ሌላ፣ ሲበላ ምራቅ ያጥበዋል። ቤኪንግ ሶዳ ብንቀላቅልበትስ ለሚሉኝ፦ ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈላው አረፋ ምንም አያነጣም። ሎሚው ከበዛ የሚተርፈው አሲድ ነው፣ አሲዱ ካለሰለሰ በኋላ ዱቄቱ ይፋቅበታል። አንዲት ልጅ ለሰርጓ ብላ ሶስት ወር ሙሉ በየማታው ያደረገችውን አይቻለሁ፣ የፊት ጥርሶቿ ጫፋቸው እንደ መስታወት አሳልፎ ያሳይ ነበር፣ ቀዝቃዛ አየር ስትስብ ታለቅስ ነበር። ለዛ ጥርስ ያለው መፍትሄ መሸፈን ብቻ ነው፣ ወጪው ከማንጣት ብዙ እጥፍ ነው።

ከሰል። በማሸጊያ የሚሸጠውም ሆነ ከምድጃ የሚወጣው ያው ነው፣ ይፍቃል። ድድ ውስጥ ገብቶ ጥቁር መስመር ሰርቶ የሚቀርበት ሰውም አለ። አመድ፣ ጨው፣ አሸዋም እንደዚሁ።

በረኪና። ይሄን መጻፍ የሚያስፈልግ ባይመስልም ጠያቂ አለው። አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል መርዝ ነው፣ በጭራሽ።

ቁስል የሚጠረግበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። 3% ስለሆነ ይሻላል ብለው የሚጉመጠመጡበት አሉ። ውሃ ስለሆነ ጥርስ ላይ አይቆይም፣ አፉን ሁሉ ያዳርሳል፣ ይዋጣል። የጥርስ ጄል ወፍራም ሆኖ የተሰራው እዛው እንዲቆይ ነው።

ሰማያዊ መብራት። ብቻውን አያነጣም፣ ጄሉ ላይ ሲጨመርም ለዘለቄታው ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አያመጣም። መብራቱን ብቻ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ህጻን ጄሉን ከዋጠ እንዲያስታውክ አታድርጉት፣ አፉን አጥባችሁ ውሃ ስጡት፣ የጄሉን ማሸጊያ ይዛችሁ ሀኪም ጋ ሂዱ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

አንዱ ጎረቤት የተጠቀመበትን ትሬይ መዋስ ነው። በሰው ልክ የተሰራ ትሬይ እናንተ ጋር ጄሉን ድድ ላይ ነው ሚያፈሰው፣ ንጽህናውም አለ።

ሌላው ፊት ጥርሱን አስሞልቶ በነጋታው ማንጣት፣ ወይም አንጥቶ በነጋታው ማስሞላት። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ማንጣት፣ ከዛ ቀለሙ እስኪረጋጋ ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ ከዛ ሙሌቱን በአዲሱ ቀለም ማሰራት ነው። ፐርኦክሳይዱ ጥርሱ ውስጥ የሚተወው ኦክስጅን ሙሌቱ በደንብ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። የተቦረቦረና የሚያም ጥርስ ግን አይጠብቅም፣ እሱ ቀድሞ ይሰራል።

ሶስተኛው «ዋይትኒንግ» የተጻፈበትን ሳሙና ጄል ማሰብ። እነሱ አብዛኛዎቹ የላዩን ቀለም ነው ሚያነሱት፣ ትንሽ ሻካራ ናቸው፣ በሶፍት ብሩሽ ካልሆነ በቀን ሁለቴ አታሽሹበት፣ ጥርሱ ከሚጠርሳችሁ ደግሞ ተዉት።

ለጥር ሰርግ ስንት ጊዜ ይቀረኛል?

ሰርጋችሁ ጥር 15 ነው እንበል፣ ወደ ኋላ እንቁጠር። ህዳር መጀመሪያ ታዩና ታጠቡ፣ የሚሞላ የተቦረቦረ ጥርስ ካለ እዛው ይሰራ፣ የትሬይ ልካችሁም ያኔ ይወሰድ። ከህዳር 10 እስከ 25 የሚጠርስ ጥርስ ሳሙናውን ተጠቀሙ። ከህዳር 26 እስከ ታህሳስ 10 ጄሉ። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፣ ጄሉ ማታ ከእራት በኋላ ስለሆነ ቀን ከምትጾሙት ጋር አይጋጭም። ከጠረሳችሁ መዝለያ ቀናት እንዲኖሯችሁ እስከ ታህሳስ 15 ትርፍ አላችሁ። የፊት ሙሌት የምትቀይሩ ታህሳስ 30 አካባቢ። ከዛ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ጥርሱ እንዲያርፍ ነው፣ በዛ ጊዜ ምንም አትቀቡ። ሰርጉ አስር ቀን ቀርቶት የምትመጡ ግን እጥበቱን ብቻ ነው ምንሰራላችሁ፣ ማንጣቱን ከመልሱ በኋላ ተረጋግታችሁ ኑ።